የፍቅር ትርኢት ከየት ይጀመር?

በሐረር የፍቅር ፊልም ለማንሣት የሚመጣ ሰው መሣሪያውን አስቀድሞ የሚተክለው በጁገል ግንብ ፊት ነው፤ ፈላና በርንም ቢመርጥ አይፈረድበትም። ግንቡ ያረጀ ነው፥ ገበያተኛው ይገባል ይወጣል፥ የሴቶቹ ልብስ ቀለሙ ዓይን ይስባል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሥዕል ነው እንጂ መክፈቻ አይደለም። ተመልካቹ አገሩን አየ፤ የሚወድ ሰው ግን ገና አላየም፥ ቢያይም ምን እንደሚሻና ማን እንደሚከለክለው አላወቀም።

በር ታሪክን የሚከፍተው ሲዘጋ ነው። በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው መንገደኛ በርተን እንደ ጻፈው፥ የከተማይቱ አምስት በሮች ቁልፍ በየማታው ወደ አሚሩ ይወሰድ ነበር፤ ከዚያም በኋላ እስኪነጋ ድረስ የሚወጣ አልነበረም። እንግዲህ ከፈላና በር ውጭ አንድ ጐልማሳ መሽቶበት ቢቆም፥ ከውስጥም የምትጠብቀው ብትኖር፥ አንድ ቃል ሳይነገር ታሪኩ ተጀምሯል። የፍቅር ታሪክ ሁለቱ ሲተያዩ ይጀመራል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሚለያያቸው ነገር ካልታየ መተያየታቸው ለተመልካቹ ምኑ ነው?

በአውሮጳ አቈጣጠር በ1945 ዴቪድ ሊን ያዘጋጀው «ብሪፍ ኤንካውንተር» የተባለው ፊልም በባቡር ጣቢያ ሻይ ቤት ይጀምራል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል፤ ወሬ የምታበዛ ወዳጅ መጥታ ትቀላቀላቸዋለች፤ ወንዱም ተነሥቶ የሴቲቱን ትከሻ በእጁ ዳሰስ አድርጎ ይሄዳል። ተመልካቹ ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ያ የዘለዓለም ስንብት እንደ ነበረ የሚገባው ትዕይንቱ በመጨረሻ ሲደገም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል አልጀመሩም፤ ከበዛብህ ወላጆች ጀመሩ እንጂ።

ለሐረር ግን ከሩቅ መበደር አያስፈልግም፤ የራስዋ ታሪክ አላት። ኢማም አሕመድ (ግራኝ) በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ሲሞት ሚስቱ ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ሸሸች። የኢማሙ የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድ ወደዳት። እርስዋም የባልዋን ደም ቢመልስ ልታገባው ተስማማች ይባላል። በ1551 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ዐፄ ገላውዴዎስ ከኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

ይህን ታሪክ በፊልም ለመሥራት የሚነሣ ሰው ከየት ይጀምር? ከመበለቲቱ ልቅሶ ቢጀምር፥ ገላውዴዎስን እንደ ሰማዕት የሚያስብ ተመልካች ልቡን ይዘጋል። ከንጉሡ ሞት ቢጀምር ደግሞ ሐረሬው ተነሥቶ ይወጣል፤ የቀረውም ድል ወንበራን አስቀድሞ ፈርዶባታልና ፍቅርዋን ሊያምንላት አይችልም። ጥሎሹ የሰው ሕይወት የሆነበትን ጋብቻ ማሳየት ቀላል ሥራ አይደለም።

የሚበልጠው መክፈቻ ከጋብቻው በፊት ያለ ነው። ከወይና ደጋ ጦርነት በኋላ የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ በንጉሡ እጅ ምርኮኛ ነበር፤ የንጉሡ ወንድም ሚናስ ደግሞ በኢማሙ ሰዎች ተማርኮ ወደ ቱርኮች፥ ወደ የመን ተልኮ ነበር። የንጉሡ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌልና (ሐዲስ ዓለማየሁ ለባለ ታሪካቸው የሰጡት ስም ነው) ድል ወንበራ ስለ ልጆቻቸው ደክመው፥ አንዱ ምርኮኛ በሌላው ተለወጠ። እናቶቹ ፊት ለፊት መገናኘት አያሻቸውም። አንዲት እናት መንገድ ስታይ፥ ሌላዪቱም በሩቅ አገር እንዲሁ መንገድ ስታይ ማሳየት ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ኑር ሲመጣ ተመልካቹ ለሁለቱም ወገን አንድ ጊዜ አዝኗልና፥ የድል ወንበራን የደም ጥያቄ ሲሰማ ይደነግጣል እንጂ አይጠላትም። ገላውዴዎስ ሲወድቁ ዙፋኑን የሚወርሰው ያው በልጅዋ የተለወጠው ሚናስ ነው።

ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር ነው ይባላል፤ ጠላት በዙሪያው በበዛበት ጊዜ። ስለዚህ ፈላና በር በዚያ ፊልም ውስጥ በመጨረሻ ካልሆነ በቀር ሊታይ አይችልም፤ ልጆቹ ሲለወጡ ጁገል ገና አልታጠረምና።