መኪናውን ሳትከፍሉ እንጦጦ አውጡት

ያገለገለ ትልቅ የቤት አውቶሞቢል ልትገዙ ገንዘብ ያሰባሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። የምኖረው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እሁድ እሁድ ኮፈን ከፍተው ዳር የቆሙ መኪኖች አያለሁ፤ ልጆቹ ሳሩ ላይ፣ አያት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ውሃ ይዤ ወጥቼ ሳናግራቸው ብዙዎቹ መኪናውን በቅርብ የገዙ ናቸው።

ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። መኪናው የተሞከረው ቀለበት መንገድ ላይ ነው፤ ገዢና ደላላ ብቻ ተቀምጠውበት፣ ሜዳ ለሜዳ። «ጋሼ፣ ሞተሩ አልተነካም፣ ቀለሙም የፋብሪካ ነው» ይባላል። ጋሼም በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ጎማውን በእግሩ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ የዋጋ ክርክር ይጀመራል። የቤተሰብ መኪና ግን ቤተሰብ ጭኖ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ቁልቁለት ወርዶ ካልታየ አልታየም።

ይህን የምለው ስሕተቱ ዛሬ በጣም ስለሚያስከፍል ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜው የገፋ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያረጀም ይወደዳል። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የገዛውን ኮሮላ ዛሬ ከገዛበት በላይ ይሸጠዋል። የዕድሜ ልክ ቁጠባ ለ25 ዓመት መኪና ሲከፈል፣ ቢያንስ መኪናው አያትን ጸበል ማድረስ መቻል አለበት።

ለምን ትልቅ መኪና የሚለኝ ሰው አለ። ለባልና ሚስት ቪትዝ ይበቃል፤ አልነቅፈውም። ግን ነገሩን በአየሩ እናስላው። እንጦጦ ጫፍ አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሠላሳ በመቶ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከፋብሪካ ሲወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ያህል የነበረው ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ እዚህ 50 ገደማ ይቀረዋል። ባለ 2,000 ሲሲ ካምሪ 120 ገደማ ይዞ ተነስቶ 85 አካባቢ ይዞ ይደርሳል። አምስት ሰው ጫኑበት፣ ከኪዳነ ምሕረት የሚመጣውን የጸበል ጀሪካን ጨምሩበት፤ ትንሹ በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ ሲወጣ ትልቁ በሁለተኛ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከተማ ውስጥ ትልቁ ቤንዚን ይበላል፣ ይህ እውነት ነው። ብቻችሁን ቢሮ ለመመላለስ ከሆነ አትግዙት።

አባቶቻችን ፔጆ 504ን የወደዱት ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ፣ ወንበሩ ሰፊ፣ የሚገፋው በኋላ ጎማ፣ ኮረኮንች ላይ የማይደክም መኪና ነበር፤ አፍሪካን አዳርሷል። አሁንም በእንክብካቤ የተያዘ ካገኛችሁ አልከለክላችሁም። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ግን ከፍታ ላይ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ለአዲስ አበባ አየር የተስተካከለ መሆኑን ጠይቁ። የኤሌክትሪክ መኪና የአየሩ መሳሳት አይነካውም፤ አቅሙና ቤታችሁ ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ ላላችሁ የምመርጥላችሁ እሱን ነው።

እንግዲህ ሙከራው። ሽሮ ሜዳ ላይ ቁሙ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ውሃና የሞተሩን ዘይት እዩ። የዘይት መሙያው ክዳን ከውስጥ ነጣ ያለ ለጋ ቅቤ የመሰለ ነገር ከያዘ ውሃ ከዘይት ጋር እየተገናኘ ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ሳያየው አትቀጥሉ። ከዚያ የምትጭኑትን ሰው ሁሉ ጫኑና ውጡ። መሐል ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን አቁሙትና እንደገና አስነሱት፤ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት፣ ፍሪሲዮኑም ሳይሸት መነሳት አለበት። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ይህን ደጋግማችሁ ማድረጋችሁ አይቀርም። ከኋላ አንድ ሰው ጭሱን ይይ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፣ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ከሆነ ውሃ እየገባበት ነው፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ።

ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ ቁሙና የሙቀቱን መለኪያ እዩ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ደርቆ ከሆነ ቦሌ ላይ ሲነዳ የከረመ መኪና እዚህ ይፈላል። ሲፈላ ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ከመውጣቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ መውረዱ ነው። መውጣት ያቃተው መኪና ይቆማል፤ መቆም ያቃተው ግን ሰው ላይ ይሄዳል። ፍሬንን የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ አየሩ በሳሳበት እርዳታው ይቀንሳል፣ ሞተር ከጠፋ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ከረገጡት በኋላ ጨርሶ ያልቃል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል እርጥበቱ ይፈላና ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ይለሰልሳል። ታች ስትደርሱ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ርገጡ፤ ሲጀመር ከነበረው ይልቅ ወደ ወለሉ ከወረደ መልሱት። ሻጩ በዜሮ ማርሽ ቢወርድ አስቁሙት። ቤንዚን ይቆጥባል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቤንዚን ካልተረገጠ ፍሰቱን ይዘጋል፣ በዜሮ ሲሆን ግን ላለመጥፋት ያቃጥላል።

ታች ማን እንዳለ እናውቃለን። የሐበሻ ልብስ የሚሸጡት እናቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡት ልጆች፣ ከጫካው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች። የእንጨቱ ሸክም ከትከሻቸው በሁለቱም በኩል ስለሚወጣ፣ እነሱም ስለሚያጎነብሱ፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ዞር ብለው ማየት አይችሉም። መንገዱን ለቀው እስኪያልፉ የሚጠብቃቸው ፍሬን የያዘ መኪና ብቻ ነው።

ወረቀቱ ቀላሉ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፤ ውልና ማስረጃ ሳትፈራረሙ ሙሉውን አትክፈሉ። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ 3518 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. 35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ ቢያምርም አርጅቷል።

ሻጩ «ዳገት ምን ያደርጋል?» ካለ የቤንዚኑን እኔ እችላለሁ በሉት። ከዚያም በኋላ እምቢ ካለ ቀብዳችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።