ይህ ውሃ የት ነው የሚቀዳው?

ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ «የፓርላማ አባል ጠየቀ አልጠየቀ ምን ይለውጣል? መልሱ እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው» አለኝ። ብዙዎቻችሁም እንዲህ እንደምታስቡ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ምክንያትም ነበረኝ፤ መልሱን ከታች ሆኜ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ወረዳ ገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ጽሕፈት ቤት የዕቅድና በጀት ባለሙያ ነበርኩ። የወረዳውን ስም አልጠራም። ሥራዬ ቁጥር መሰብሰብ፣ መደመርና ወደ ላይ መላክ ነው። ጤና ይልካል፣ ትምህርት ይልካል፣ ውሃ ይልካል፤ እኔ በኤክሴል አጠናቅሬ ለዞን እልካለሁ። ዞን ለክልል፣ ክልል ለፌዴራል። አንድ ቁጥር ከቀበሌ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያየ ሰው፣ በዜና «ሽፋኑ ይህን ያህል በመቶ ደረሰ» ሲባል ዝም ብሎ አያጨበጭብም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዓመቱ አጋማሽ በሚወስደው የአንድ ወር እረፍት ተወካያችን ወደ ወረዳችን መጡ። ፓርላማ ከመግባታቸው በፊት መምህርት ስለነበሩ ከተማው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ሌሎች እንግዶች ሲመጡ አጀብ ይኖራል፤ እሳቸው ግን ብቻቸውን ደብተር ይዘው ቢሯችን ገቡ። ደብተሩ ላይ ሦስት ጥያቄ ተጽፏል፦

ዘንድሮ ለወረዳችን ስንት ብር ተመደበ?
ከዚያ ውስጥ ከደመወዝ የተረፈው ስንት ነው? ምን ላይ ዋለ?
በወረዳችን ካሉት የውሃ ተቋማት ዛሬ ውሃ የሚሰጡት ስንቶቹ ናቸው?

የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል። ይህ የመለጠፍ ልማድ ራሱ ታሪክ አለው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ ሲያቆሙ፣ በ1998 ዓ.ም. ፒቢኤስ የሚባለው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ተተካ። ገንዘቡ ለመምህሩ፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ለግብርና ባለሙያው እንዲደርስ ታስቦ በክልል በኩል ወደ ወረዳ ይወርድ ነበር። ከፕሮግራሙ ሥራዎች አንዱ የወረዳው በጀትና ወጪ ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ ማድረግ ነበር። እኛም እንለጥፋለን። ፀሐይ ያነጣዋል፣ ዝናብ ያርሰዋል፣ ሰው ደግሞ በሥሩ ቆሞ ወረፋውን ይጠብቃል። አንድም ቀን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ቲቸር ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

ሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ያሳፍራል። የወረዳ በጀት በሚሊዮን ሲጠራ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን ሚሊዮኑ በአብዛኛው ደመወዝ ነው። ደመወዙ ሲወጣ ለሥራ ማስኬጃና ለካፒታል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለመምህሩ ተከፍሎ ለጠመኔ አይተርፍም፤ ለውሃ ባለሙያው ተከፍሎ ለመለዋወጫና ለሞተር ሳይክሉ ነዳጅ አይተርፍም። ቲቸር ይህን ሲሰሙ አልተደነቁም። ጻፉት።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ኃላፊዬን አየሁ። ኃላፊዬ «የሽፋኑን ስጣቸው» አለኝ። ሰጠኋቸው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት። ስለዚህ ሽፋን የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

በአንድ ቀበሌ የእጅ ፓምፕ ይተከላል። አንድ ፓምፕ ይህን ያህል ሰው ያጠጣል ተብሎ የተቀመጠ ቋሚ ቁጥር አለ። ፓምፖቹን በዚያ ቁጥር ታባዛለህ፣ ለሕዝቡ ብዛት ታካፍላለህ፣ በመቶ ታወጣለህ። ያ ነው ሽፋን። ፓምፑ ከሁለት ዓመት በፊት ተበላሽቶ ልጆች ሲወዛወዙበት ቢውልም፣ ከዝርዝሩ ካልተሰረዘ በወረቀት ላይ ውሃ ያጠጣል።

ሁለተኛ፣ መለኪያው ራሱ ይቀየራል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን አንድ የገጠር ነዋሪ ንጹሕ ውሃ አገኘ የሚባለው በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 15 ሊትር ሲያገኝ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው በሁለተኛው ዕቅድ ግን ወደ 1 ኪሎ ሜትርና 25 ሊትር ከፍ አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በአዲሱ መለኪያ ስትሰላ ሽፋንህ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። ሲወርድ ደግሞ «ለምን ወረዳችሁ?» ትባላለህ። እኛ ምን አደረግን? ቅጹን በአዲሱ ርዕስ አዘጋጀን፣ ቁጥሩን በአሮጌው ተውነው።

ሦስተኛ፣ የምናካፍልበት የሕዝብ ብዛት። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ አራተኛው ቆጠራ ግን ደጋግሞ ተራዘመ። ስለዚህ ሁላችንም በትንበያ ነው የምናካፍለው። ሰው ወልዷል፣ ተሰድዷል፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ መጥቷል፤ ወረቀቱ ግን አላየውም።

እንግዲህ የተበላሸ ፓምፕ በአሮጌ መለኪያ አባዝቼ፣ ለግምት ሕዝብ አካፍዬ ያወጣሁትን በመቶ ለቲቸር ሰጠኋቸው። የጠየቁኝ እኮ በመቶ አልነበረም። «ዛሬ ውሃ የሚሰጡት ስንቶቹ ናቸው?» ነበር ያሉኝ። እንኳን ውሸት መሆኑ፣ መልስ አለመሆኑም አልታየኝም። ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

በማግስቱ አዳራሽ ውስጥ የመራጮች ውይይት ተደረገ። ቲቸር ደብተራቸውን ገልጠው ያን ቁጥር አነበቡ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ። ከኋላ አንዲት እናት ተነሡ። ቢጫ ጀሪካን ይዘው ነበር፤ ከስብሰባው ወጥተው ወደ ምንጭ ሊወርዱ ነው። ማይክ አልጠየቁም።

«ልጄ፣ ይህ የምታነቢው ውሃ የት ነው የሚቀዳው? ንገሪንና እንሂድ» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ግን አልሳቁም። ቀና ብለው እኔን አዩ። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚባለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ላሚቱን ወደ ሰማይ ያወጣኋት እኔ መሆኔን ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ ቲቸር ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። አልተቆጡም። «አንተ ልጅ፣ የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም። እንደገና ልጠይቅህ» አሉ። ከውሃ ጽሕፈት ቤት የጥገና ባለሙያውን ጠራነው። በየቀበሌው ላሉ የውሃ ኮሚቴዎች እየደወልን፣ ስልክ የማይሠራበት ሰው እየላክን፣ ሦስት ቀን ፈጀብን። ውጤቱ ሁለት ገጽ ሠንጠረዥ ነበር፦ የጎጡ ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ ማን እንደሠራው፣ ዛሬ ውሃ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም፣ ካልሰጠ ለምን። በመቶ የሚል ዓምድ አልነበረውም።

ያ ሁለት ገጽ ያስተማረኝን የሦስት ዓመት ሪፖርት አላስተማረኝም። ብዙዎቹ የቆሙት በትልቅ ችግር አልነበረም። አንዱ የጎማ ክፍሉ አልቆ ነው። ሌላው ቱቦው ተበጥሶ ነው። አንዳንዱ ደርቋል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሌሎቹን ግን ለማስነሣት የሚያስፈልገው አዲስ ፕሮጀክት ሳይሆን መለዋወጫና ነዳጅ ነበር። ማለትም ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያየነው፣ ከደመወዝ የሚተርፈው ያ ቀጭን መስመር። ሦስቱ ጥያቄዎች ለካ አንድ ጥያቄ ነበሩ።

ቲቸር ሠንጠረዡን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። በአንድ ጊዜ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። በኋላ እንደነገሩኝ ያገኙት የመጀመሪያ መልስ «ይህ የክልሉ ሥልጣን ነው» የሚል ነበር። በሕግ ስናየው መልሱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ለምክር ቤቱ የሚሰጠው ሥልጣን ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅ ነው። የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት የፌዴራል አይደለም። ከፌዴራል የሚሰጠው ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ የደረሰውን በራሱ ቀመር ለወረዳ ያወርዳል። ወረዳው ደግሞ በወረዳ ምክር ቤቱ አስጸድቆ ለየሴክተሩ ይደለድላል። ብሩ ሦስት ደጃፍ ያልፋል፤ ጠያቂው በየደጃፉ «እዚህ አይደለም» ይባላል።

ቲቸር ግን ሠንጠረዡን መልሰው ላኩት። አንድ ቅጂ ለክልል ምክር ቤት አባላችን፣ አንድ ለወረዳ ምክር ቤት። በሰኔ የወረዳው በጀት ሲጸድቅ አንድ የወረዳ ምክር ቤት አባል ያንኑ ወረቀት ይዞ ተነሣና «ለጥገና ስንት ያዛችሁ?» አለ። በዚያ አዳራሽ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለመለዋወጫ ትንሽ ገንዘብ በራሱ መስመር ተያዘ። ጥቂት ፓምፖች ተነሡ። ሌሎቹ እኔ ከወረዳው እስክለቅ ድረስ እንደቆሙ ናቸው። የተገኘው ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ አላስመስለውም።

አሁን ወዳጄ ወደጠየቀኝ ልመለስ። ጠየቀ አልጠየቀ ምን ይለውጣል?

የጥያቄው ዓይነት ነው የሚለውጠው። በቴሌቪዥን የምናየው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የመንገድ፣ የውሃና የመብራት ችግር በአካባቢያችን ስላለ መንግሥት ምን እየሠራ ነው?» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ «በትኩረት እየተሠራ ነው» ይሆናል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጥያቄው ቦታ የለውም፣ ቀን የለውም፣ ቁጥር የለውም። ጀሪካን የያዙት እናት ግን «የት?» ነው ያሉት። «የት» ከተባለ በኋላ «በትኩረት» የሚል መልስ አያዛልቅም።

ሌላ አገር ያለውን አንድ ልማድ ልጥቀስ። በእንግሊዝ ፓርላማ አንድ አባል በጽሑፍ ለሚኒስትር «በእኔ የምርጫ ክልል ይህን አገልግሎት ያገኙት ስንት ናቸው፣ ስንት ገንዘብ ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄውም መልሱም ከነስማቸው ለሕዝብ ይታተማሉ። ሚኒስትሩ «ይህን ቁጥር መሰብሰብ ከሚገባው በላይ ወጪ ይጠይቃል» ብሎ እምቢ ሊል ይችላል፤ ይላሉም። ነገር ግን እምቢታውም ይታተማል። መራጩ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ማን ምን እንደከለከለ ያያል። እነሱ ጋ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ለማለት አይደለም። በቃል የተጠየቀ በቃል ይረሳል፤ የተጻፈ ግን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል። የቲቸር ወረቀትም በሰኔ የመጣው ስለተጻፈ ነው።

እኛስ ምን በእጃችን አለ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይገባል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ይህ መብት የተወካዮች ብቻ አይደለም፤ የእኔና የእናንተም ነው። በወረቀት ያለ ሁሉ በተግባር አለ አልልም፤ ወረቀትና ተግባር ምን ያህል እንደሚራራቁ ከእኔ የባሰ ምስክር የለም። ነገር ግን ማንም ሳይጠይቅ የወረቀቱ መብት ብቻውን ተነሥቶ አይሠራም።

ስለዚህ የምትመርጡት ወይም የመረጣችሁት ሰው ወደ አካባቢያችሁ ሲመጣ ሦስት ነገር አስይዙት። አንደኛ፣ በመቶ የተነገረውን ሁሉ «ከስንት ስንት?» ይበል። ሁለተኛ፣ «ስንት ተሠራ?» ሳይሆን «ዛሬ ስንቱ ይሠራል?» ይበል። ሦስተኛ፣ የተመደበውን ብቻ ሳይሆን የወጣውን፣ ከወጣውም ከደመወዝ ውጭ ያለውን ይጠይቅ። ሦስቱንም በጽሑፍ፣ በቀበሌ ከፋፍሎ።

እናንተ ደግሞ እንደ እኔ ቁጥር አጠናቃሪ ሆናችሁ ከታች የተቀመጣችሁ ወንድም እህቶቼ፣ ፍርሃታችሁን አውቀዋለሁ። ቁጥሩ ሲወርድ የሚጠየቀው ቁጥሩን የጻፈው እንጂ ፓምፑን ያልጠገነው አይደለም። ይህ ካልተስተካከለ እውነተኛ ቁጥር ከታች አይመጣም። ተወካዮችም ይህን ሊያውቁልን ይገባል፤ እውነቱን የነገራቸውን ባለሙያ አሳልፈው ከሰጡት በሚቀጥለው ዓመት የሚያገኙት ያንኑ ሽፋን ነው። ቲቸር በአዳራሹ ስሜን ሊጠሩ ይችሉ ነበር። አልጠሩም። በማግስቱ መጥተው እንደገና ጠየቁኝ። ሁለተኛውን ጊዜ እውነቱን እንድናገር ያደረገኝ እሱ ነው።

የእናንተ ቀበሌ ፓምፕ ዛሬ ውሃ ይሰጣል? ማን እንደጠየቀ ታውቃላችሁ?

ቸር ያሰማን።