ለተማሪ የሚኾን ሮቦት ስለ መምረጥ

ልጅን ለማስተማር መሣሪያ በሚመረጥበት ጊዜ ዐይን የሚወደው ሌላ፥ እጅ የሚማርበት ሌላ ኾኖ ይገኛል።

የእኅታችን ልጅ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ጎንደር መጥቶ ሳለ፥ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሮቦትን አሠራርና ማሽን ከምሳሌ የሚማርበትን ዕውቀት የሚያስተምርበት ሮቦት እንዲመርጥ መታዘዙን ነገረን። በተመደበው ገንዘብ በአራት እግሩ የሚራመድ አንድ ትልቅ ሮቦት፥ ወይም በመንኰራኵር የሚሄዱ ብዙ ትንንሾች ይገዛሉ። ባልደረቦቹ ለእንግዳ የሚያስደንቀውን ትልቁን ወደዱ። እርሱም «አጎቴ፥ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለን።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነን እንጂ የማሽን ዐዋቂ አይደለንም። ኾኖም ትምህርት እንዴት እንደሚገኝ በቤተ ክርስቲያንም በሚሲዮንም ትምህርት ቤት አይተናል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በመስማት ብቻ ባለ ቅኔ አይኾንም፤ ራሱ ቈጥሮ፥ በመምህሩ ፊት ተናግሮ፥ ሲታረም ነው እንጂ። አንዱን ሮቦት ዐምሳ ተማሪ ቢከበው የሚማረው የነካው ነው፤ የቀሩት ተመልካቾች ናቸው።

ደግሞም መለዋወጫው በባሕር ማዶ የኾነ ነገር አያስተማምንም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው የሆንግ ኮንግ ሮቦት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ፥ የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ጣቢያ ጠፍቶ ነበር። ከሶፍትዌሯ ከፊሉን ያዘጋጁት በአዲስ አበባ የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች ናቸው፤ ዕውቀቱ በአገር ሳለ አካሉ በመንገድ ቀረ።

ከትንንሾቹ መካከል ተርትልቦት 3 በጨረር ዙሪያውን 360 ዲግሪ እየለካ የክፍሉን ካርታ ይሠራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 በኤም.አይ.ቲ. በተጀመረው በዱኪታውን ትምህርት የሚገኘው ዱኪቦት ደግሞ በአንዲት ካሜራ መንገዱን ያያል። የኹለቱም ሶፍትዌር ለማንም ክፍት ስለ ኾነ ተማሪው ሊያነበውና ሊለውጠው ይችላል። በአንድ ኩባንያ ላይ ብቻ መደገፍ ግን አይበጅም፤ በ1998 የተጀመረው የሌጎ ማይንድስቶርምስ ሥራ በ2022 መጨረሻ ቆሟል።

የሚማር ማሽን የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነው። የባዕድ አገር ጎዳና ብቻ ያየ ካሜራ፥ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ገብስ የተጫነች አህያና ጋቢ የለበሰ እረኛ ቢገጥሙት ግር ይለዋል። እያንዳንዱ ጓድ የራሱ ሮቦት ቢኖረው ግን ተማሪዎቹ የአገራቸውን ሥዕል ራሳቸው ሰብስበው ያስተምሩታል።

ትልቁ ሮቦት ጥቅም የለውም አንልም፤ መራመድን የሚመረምር ያስፈልገዋል። ነገር ግን ጀማሪው በኮምፒዩተር ውስጥ በምስል አስመስሎ ሊያጠናው ይችላል፤ ጋዜቦ የተባለው ሶፍትዌር ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ያለ ዋጋም ይገኛል።

በፍርድ ቤት ምክንያቱ ያልተጻፈ ፍርድ ለይግባኝ ባይ መከራ ነው። ሮቦትም ከግድግዳ በተጋጨ ጊዜ ጥፋቱ ከመንኰራኵሩ ይኹን፥ ከካሜራው ይኹን፥ ከተማረው ምሳሌ ይኹን፥ ተማሪው ፈትቶ ካላየ ምክንያቱን አያውቅም። ስለዚህ ለእኅታችን ልጅ የሰጠነው ምክር «ተማሪው ሳይፈራ የሚፈታውን ግዛ» የሚል ነው።

እናንተም ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ለዕረፍት ወደ ቤት በተመለሰ ጊዜ «ምን አየህ?» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ «ምን ፈታህ? ምንስ ገጠምህ?» ብላችሁ ጠይቁት።