አሥር ሰዓት ላይ አይሮጥም

ጥር 20፣ ጋምቤላ ከተማ

ቦሌ ላይ የደረብሁትን ሹራብ ጋምቤላ የአውሮፕላን መውረጃው ደረጃ ላይ አወለቅሁት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሻንጣ ውስጥ ሳይነካ ከረመ።

የዓመት ፈቃዴን ጋምቤላ ላሳልፍ ነው ስላቸው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «ምን አጥፍተህ ነው?» አሉኝ። ሰው ለዕረፍት ላንጋኖ ይሄዳል፣ ሐዋሳ ይሄዳል፣ ኪሱ ከፈቀደለት አርባ ምንጭ ይወርዳል። ጋምቤላ ግን በእኛ ቢሮ ቋንቋ የቅጣት ዝውውር ስም ነው። እኔ የሄድሁት እህቴ ዘንድ ነው። ባሏ የጤና ባለሙያ ነው፤ እዚያ ሥራ ይዘው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የወለዱትን ልጅ እስከዛሬ ያየሁት በስልክ ብቻ ነበር።

ሻንጣዬ ውስጥ የሩጫ ጫማና የዋና ቁምጣ አለ። ስኳሬ ከፍ ብሏል ከተባልሁ ወዲህ ጃን ሜዳ ማለዳ ሶምሶማ ሳልወጣ ያለፈኝ ሳምንት የለም። ዘጠኝ ቀን እየበላሁ ተኝቼ ብመለስ ምን እንደሚገጥመኝ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የደረስሁ ዕለት፣ ምሳ ተበልቶ ቡናው እንዳለቀ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን ጫማዬን አሰርሁ። እህቴ «ወንድም ዓለም፣ ትንሽ ብትቆይ» አለችኝ። ከማሞላቀቅ ቆጠርሁት። አዲስ አበባ አሥር ሰዓት ማለት ፀሐይ ቁጣዋ በርዶ ጥላ የምታስረዝምበት ሰዓት ነዋ!

እስከ ባሮ ድልድይ ደርሼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከወትሮው ይልቅ ቀለሉኝ። ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ግድም ወደ አምስት መቶ ሜትር ወርጃለሁ፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ ሳንባዬ ሠርግ ቤት ገብቷል። ላብ እንኳ አልወረደኝም። ድልድዩ ሊታየኝ ሲል ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። በዚያ ቃጠሎ መሃል በረደኝ። ጭንቅላቴ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፤ ጉልበቴም ከዳኝ። መንገድ ዳር ካለ ማንጎ ሥር ተቀመጥሁ።

እዚያ ሻይ የምትሸጥ ወጣት ሴት ነበረች። ምንም ሳትጠይቅ አንድ ጣሳ ውሃ አንገቴ ላይ አፈሰሰችብኝ። ቀጥላ «እንግዳ ነዎት አይደል?» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«በዚህ ሰዓት እንኳን ሰው ፍየልም አይሮጥ።»

ካናቴራዬ ደርቆ ጀርባው ላይ ነጭ ጨው ሠርቷል። አልወረደኝም ያልሁት ላብ ወዲያው ወዲያው እየተነነ ነበር ለካ። በባጃጅ ተመለስሁ። እህቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን ከስድብ አይተናነስም ነበር።

ጥር 21

አማቼ ማታውን በጨውና ስኳር የተበጠበጠ ውሃ ሲያጠጣኝ አምሽቶ በማግሥቱ ነገሩን አስረዳኝ። የቆላ ቀን ጫፉ ስድስት ሰዓት አይደለም። መሬቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣው የዋለውን ሙቀት መልሶ የሚተፋው ዘጠኝና አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ለመሮጥ ያሰበ ሰው ፀሐይ እስክትጠልቅ መጠበቅ አለበት። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የወባ ትንኝ ትነሣለች። ጋምቤላ የወባ አገር ነው።

«ታዲያ መቼ ልሩጥ?»

«ጎህ ሲቀድ። እሱም ረጅም እጅጌ ለብሰህ፣ መከላከያ ቅባት ተቀብተህ።»

የሰው ሰውነት ሙቀት መልመድ የሚችል ነው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን። በዚያ ጊዜ ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላቡ ቶሎ ይመጣል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል። የእኔ ዕረፍት ዘጠኝ ቀን ነው። ሰውነቴ ጋምቤላን ልልመድ ሲል እኔ ቦሌ እገባለሁ ማለት ነው።

ደገኝነቴን ለማዳን የሩጫ አገር ልጅ መሆኔን አነሣሁ። አማቼ ሳቀና «ዶሃን ረሳኸው?» አለኝ። አልረሳሁትም። መስከረም 2012 የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ዶሃ ላይ ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ሙቀቱ በሌሊትም 30 ዲግሪ አልፎ ነበር፤ እርጥበቱ ሲጨመርበት ላብ አይተንም፣ ላብ ካልተነነ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። የእኛዎቹ ሦስቱም፣ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፣ ካቋረጡት ውስጥ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ አየሩ ቀለል ባለበት ሌሊት በዚያው ከተማ ሌሊሳ ዴሲሳ ወርቅ፣ ሞስነት ገረመው ብር ወሰዱ። ያው አገር፣ ያው ዝግጅት። እነሱን የረታ ሙቀት እኔን በአንድ ጣሳ ውሃ መማሩ ደግነቱ ነው።

ጥር 22 እስከ 24

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣባታለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ገና ጨለማ ነው። አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ እነሣለሁ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤት እገባለሁ። ፍጥነቴን ለሰዓቴ መጠየቅ ተውሁ፤ እያወራሁ መሮጥ ከቻልሁ ይበቃኛል። ማውራቱ ደግሞ ግድ ሆነብኝ። እዚህ አንገት ደፍቶ የሚያልፍ የለም፤ ኑዌሩ «ማሌ» ሲልህ «ማሌ ሚጓ» ብለህ ካልመለስህ ነውር ነው። ከአስፋልቱና ሰው ከበዛበት የወንዝ ዳር መንገድ አልወጣም። ይህንንም የከተማው ሰው መክሮኝ ነው፤ ከመስማት በቀር ለምን ብዬ አልተከራከርሁም።

የምጠጣውን ከቤት ይዤ እወጣለሁ። በዚህ ክልል ጎግና አቦቦ ወረዳዎች የጊኒ ዎርም በሽታ ከአገራችን ጨርሶ ለመጥፋት ሲያንገራግር የቆየባቸው ቦታዎች ናቸው። ትሉ የሚገባው ካልተጣራ የኩሬ ውሃ ጋር ተጠጥቶ ነው፤ ከዓመት በኋላ እግር በስቶ ይወጣል። ለዚህ በሽታ ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም የለም። መከላከያው የጨርቅ ማጥለያ ነው፤ ሌላው ደግሞ ትል የወጣበት ሰው ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ። ኮዳ መሸከም የሚሰለቸው ሯጭ ይህን ያስብ።

ባሮ በጥር ጎድሏል። አኙዋዎች ኦፔኖ ይሉታል። ብርብርና ገባ ኢሉባቦር ተራሮች ውስጥ ተገናኝተው ይወልዱታል፤ ታች ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ስሙን ሶባት ብሎ ይለውጥና ወደ ነጭ አባይ ይገባል። ግንቦት 1894 አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል እንግሊዞች ለንግድ ጣቢያ የሚሆን በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ተፈቅዶላቸው ነበር። ውሉ ኢታንግ አካባቢ ይላል፤ ጣቢያው የቆመው ግን ጋምቤላ ነው። በክረምት ውሃው ሲሞላ ከካርቱም በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች እዚህ ድረስ እየመጡ ቡናችንን ጭነው ይወርዱ ነበር። ሱዳን ነጻ ስትወጣ መሬቱ በ1949 ተመለሰ። መርከብ ይቆምበት በነበረው ወንዝ መሃል አሁን ልጆች አሸዋ ላይ ኳስ ይጫወታሉ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ዋና የተማርሁት ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳ ግድግዳ አለው፤ ሲደክምህ ይዘኸው ታርፋለህ። ጥር 23 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁምጣዬን ለብሼ ወንዙ ዳር ቆምሁ። ሰው ይታጠባል፣ ልብስ ያጥባል፣ ልጆች ይንቦጫረቃሉ። ትንሽ ከፍ ብሎ ውሃው ንጹሕና ጸጥ ያለ፣ አንድም ሰው የሌለበት ቦታ አየሁ። ወደዚያ ማምራት ስጀምር ታንኳው ላይ መረብ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጠራኝ።

«ልጄ፣ ሰው ወዳለበት ና።»

«እዚያ ውሃው ይሻላል ብዬ ነው፣ አባባ።»

«የተሻለ ቢሆን እኛ እንተውልህ ነበር?»

ሰው ያልገባበት ውሃ ያልተገባበት ምክንያት አለው፤ ወይ አዙሪት ነው ወይ አዞ። ሚያዝያ 1958 አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል እዚሁ ባሮ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲዋኝ ቆይቶ በአዞ ተበልቷል። ሌሎቹ ወጥተው እሱ ውሃው ውስጥ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ይህን ታሪክ ከመምጣቴ በፊት አንብቤዋለሁ። ቢሆንም ጸጥ ያለውን ውሃ መርጬ ስሄድ አስታዋሽ አስፈለገኝ።

ሽማግሌው ባሳዩኝ ቦታ፣ ከልጆቹ መሃል፣ ውሃው ደረቴ ሳይደርስ፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ እየዋኘሁ አሥር ደቂቃ ቆየሁ። አንድ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ አሥር ጊዜ ቀደመኝ። በማግሥቱም ገባሁ። ከዚያ በኋላ ግን ተውሁት። ፈርቼ ነው፤ መፍራቴም ልክ ነው። ለዕረፍት የሄደ ሰው ባሮ ውስጥ ይዋኝ ብዬ አልመክርም። ዳር ቁጭ ብሎ የወንዙን ዓሣ ጥብስ መብላት ግን የተፈቀደ ነው።

ጥር 25፣ ጀዊ

አማቼ ለሥራ ጀዊ ሲወጣ ፈቃድ አስወጥቶ ይዞኝ ሄደ። ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀዊ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያ ነው፤ ነዋሪው በአብዛኛው ኑዌር ነው። አመሠራረቱም ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ከ2006 ጀምሮ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች መጀመሪያ ሌችዎር የተባለ መጠለያ ሠፍረው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ባሮ ሞልቶ መጠለያውን አጥለቀለቀው። ከጥይት ያመለጠው ሰው ከጎርፍ ሸሸ። በ2007 ወደ ጀዊ ተዛወሩ። አሁን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከወንዝ ርቆ፣ በቦኖ ተራ ጠብቆ፣ ጀሪካን አሰልፎ ይኖራል።

ማለዳ ስንደርስ የኳስ ሜዳው ላይ ወጣቶች ሰውነት እያፍታቱ ነበር። አማቼ ከአንደኛው ጋር አስተዋወቀኝ። ጋምቤላ ከተማ ተምሮ አማርኛው ከእኔ የማይተናነስ፣ ቁመቱ ግን ከእኔ በሁለት ክንድ የሚበልጥ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ጫማህ የሩጫ ነው፤ አብረኸን አትሮጥም?» አለኝ። በሜዳው ዙሪያና በጎጆዎቹ መሃል በሚያልፈው ኮረኮንች ላይ ሮጥን። ከእነሱ ግማሾቹ የፕላስቲክ ጫማ፣ ሁለቱ ታኬታ፣ አንዱ ባዶ እግሩን ነው። ለእኔ ብለው ቀስ አሉ፤ ይህ እንዳይታወቅብኝ ብዙ ጣርሁ።

ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ጎጇቸው በር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁ።

«‹ይህ ሰው ጀሪካን አልያዘም፣ ከብት አይነዳም፣ መልሶም እዚያው ይመጣል። ምን ጠፍቶበት ነው?› ነው የሚሉት።»

ስኳሬ ነው ለማለት አፈርሁ።

ስናርፍ ወሬው ስለ ሯጭ ሆነ። እኔ ኃይሌንና ቀነኒሳን ሳነሣ ልጁ ይየች ፑር ቢየልን አነሣ። እንደነሱ ኑዌር ነው፤ ናስር የምትባለው የሶባት ዳር ከተማ ልጅ። በኬንያ ካኩማ መጠለያ ያደገ፣ በቴግላ ሎሩፔ ሥር የሠለጠነ፣ በ2008 ሪዮ ኦሎምፒክ በመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን 800 ሜትር የሮጠ። 1 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ገባና ከማጣሪያው አላለፈም። ልጆቹ ሰዓቱን እስከ ክፍልፋዩ ያውቁታል። ኳሱ ላይ ደግሞ ወሬው የጋቶች ፓኖምና የኡመድ ኡኩሪ ነው።

ያ ረጅም ልጅም ከናስር አካባቢ ነው የመጣው። ልጅ ሳለ ሶባትን የሚሻገረው የበሬ ጭራ ይዞ እንደነበር ነገረኝ። ጭራውን የለቀቀ ልጅ ይሰደባል እንጂ አይመታም፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ ከዱላ በላይ አስተምሮታል። ጀዊ ከመጣ ወዲህ ግን ዋኝቶ አያውቅም። ከተማ ሲሄድ ለጉዳይ ነው፤ ድልድዩን በመኪና ያልፈዋል።

ባሮ ውስጥ መግባቴን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ስለ አዞ አልጠየቀኝም። «አሸዋው ወጥቷል?» አለኝ። ወጥቷል አልሁት። «ውሃው ጠዋት ይቀዘቅዛል?» ትንሽ ይቀዘቅዛል። «ዳር ያለው ጭቃ ያዳልጣል?» አዎ፣ ወድቄአለሁ። ጓደኞቹን ወደ ራሱ ጠራና ያልሁትን ሁሉ በኑዌርኛ አስተረጎመ። ስምንት ጎረምሳ ከብቦኝ እኔ የሶደሬው ዋናተኛ ስለ ወንዝ ተጠያቂ ሆንሁ። የማውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ሦስቱንም ሁለት ጊዜ ነገርኋቸው።

ከዚያ ኳስ ጀመሩ። ኳሷ ሲመቷት ድምፅ የላትም፤ ግማሽ ያህል ተንፍሳለች። ፓምፕ አላቸው፣ መርፌው ግን ከተሰበረ ሰንብቷል። ጉልበተኛው ሲለጋት ሃያ እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፤ እነሱም ጨዋታውን ለእሷ አስተካክለው አጫጭር ቅብብል ብቻ ይጫወታሉ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ በረታችና ማንም ሳያዛቸው ተበተኑ።

ጥር 28

ስድስት ቀን ሮጫለሁ፣ ሁለት ቀን ዋኝቻለሁ፣ አንድ ቀን ታምሜአለሁ። ጋምቤላ ገበያ የኳስ መርፌ ፈልጌ አግኝቻለሁ፤ ሦስት ገዝቼ አማቼ በሚቀጥለው ሳምንት ሲወጣ እንዲያደርስልኝ ሰጥቼዋለሁ። መርፌ ቶሎ ይሰበራል። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ሁለት ሦስት በኪሳችሁ ያዙ፤ ቦሌ ፍተሻ ላይ ከጠየቋችሁ የኳስ ነው በሉ።