ዓይኑን የታሰረው ልጅ

ትናንት ማታ የተማሪዎቼን ጽሑፍ ሳርም ደነገጥኩ። ጎበዝ የምላት ልጅ አንድ ግልጽ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር ጽፋለች፤ «ይሄን ማለቷ ነው» ብዬ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ኋላ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ ያንኑ ያህል የተድበሰበሰ ነገር ጻፈ፤ «አልገባውም» ብዬ ቀነስኩበት። ላዳላ አስቤ አልነበረም። ስሙን ሳይ እጄ ቀድሞኝ ሄደ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በቤንጃሚን ፍራንክሊን ግቢ የሆነው ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1784 ፓሪስ ውስጥ መስመር የሚባል ሐኪም ተከታዮች በማይታይ ኃይል በሽታ እንፈውሳለን ይሉ ነበር። የፈረንሳይ ንጉሥ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቮዚዬ አባል ነበሩ። የመስመር ደቀ መዝሙር የነበረው ሐኪም ዴስሎን በፍራንክሊን ግቢ ካሉት ዛፎች አንዱን አፕሪኮት በዚያ ኃይል «ሞላው»። ከዚያ ራሱ የመረጠውን የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑን አስረው ሌሎች አራት ዛፎች ጋር አንድ በአንድ ወሰዱት። አንደኛው ጋር አላበው፣ ሳለ። ሁለተኛው ጋር ራሱን አመመው። አራተኛው ጋር ሲደርስ ሰውነቱ ደርቆ ራሱን ስቶ ወደቀ። ኃይል አለው የተባለው ዛፍ ግን ወደ ስምንት ሜትር ርቆ ቆሟል!

ልጁ አስመስሎ ነው አልልም። የጣለው የገዛ እምነቱ ነው።

ታማሚ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚሆነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለ የነርቭ በሽታ ላይ ካናዳ ውስጥ በተደረገ አንድ ጥናት፣ ያንኑ ታማሚ ሁለት ዓይነት ሐኪሞች መረመሩት፤ አንዱ ማን ምን ሕክምና እንዳገኘ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ በሚያውቁት ሐኪሞች መዝገብ ከሕክምናዎቹ አንዱ የሠራ መሰለ። በማያውቁት መዝገብ ግን ለውጥ አልታየም። እነዚህ የተማሩ፣ ለታማሚያቸው የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። መዳኑን ስለጓጉለት ታያቸው።

ለዚህ ነው በደህና ጥናት እውነተኛውና ባዶው እንክብል በመልክም በጣዕምም አንድ ዓይነት የሚሆነው፤ የትኛው ለማን እንደደረሰ የሚናገረው ኮድ ውጤቱ ተሰብስቦ እስኪያልቅ አይገለጥም። ቀዶ ሕክምና ላይ ሐኪሙ እንዳያውቅ ማድረግ አይቻልም፤ ቢያንስ ውጤቱን የሚለካው ሰው እንዳያውቅ ይደረጋል። ይህ ተመራማሪን «አላምንህም» ማለት የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንደሱ አላየውም። ሐቀኛ ሰው ራሱን የሚጠብቅበት ነው።

የቀሩኝን ወረቀቶች ዛሬ ማታ የስሙን ቦታ አጥፌ ነው የማርመው። ያረምኳቸውንም እንደገና አያለሁ። አስተማሪ የሆናችሁ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩትና ያያችሁትን ንገሩኝ።