የሞት ንጉሥ ሳምንት፦ ድባብና ሥርዓተ ክዋኔ በዮርግ ቡትገራይት ፊልም

የጀርመን የሆረር ፊልም ከጥንት ጀምሮ በድባቡ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1920 ለእይታ የበቃው «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ፍርሃትን የገነባው በስቱዲዮ ውስጥ በቆሙ ጠማማ ግድግዳዎችና በቀለም በተሣሉ ጥላዎች ነበር። ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ የተነሣው የበርሊኑ ተወላጅ ዮርግ ቡትገራይት ግን እንዲህ ያለ ስቱዲዮ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1988 ምዕራብ በርሊን ላይ የታየው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ «ኔክሮማንቲክ» የተቀረጸው፣ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ልደት ያነሡበት በነበረው በሱፐር 8 ፊልም ነው። ታዲያ ገንዘብ በሌለበት ድባብ ከምን ይሠራል? ሁለተኛው ታላቅ ሥራው የሚሰጠው መልስ «ከሥርዓት» የሚል ነው። ተራ ድርጊትን በታወቀ ቅደም ተከተል፣ ያለ ችኮላ ማሳየት ወጪው ጥቂት ነው፤ ኃይሉ ግን ብርቱ ነው።

ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው «ዴር ቶደስኪንግ» ሲሆን፣ ትርጉሙ «የሞት ንጉሥ» ማለት ነው። ፊልሙ በሰባት ክፍሎች የተዋቀረ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የሳምንቱን አንድ ቀንና አንድ የሞት ታሪክ ይይዛል። በሰኞው ክፍል አንድ ብቸኛ ሰው ቤቱን ያጸዳል፣ ደብዳቤዎችን ይጽፋል፣ ጉዳዮቹን አንድ በአንድ ይዘጋል። ካሜራው በጠባቧ መኖሪያ ውስጥ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ሰዓታት ሲነጉዱ ያሳያል። ጭራቅ የለም፣ ጩኸትም የለም። ተመልካቹን የሚያስጨንቀው የድርጊቱ እርጋታ ነው፤ ለእንግዳ መምጣት የሚደረግ የሚመስለው ዝግጅት ለሞት የተደረገ መሆኑን ቀስ በቀስ ይረዳልና።

በክፍሎቹ መካከል እየተመላለሰ የሚታየው ሲፈርስ የሚሄድ ሬሳ ይህን ሥርዓት ያጸናዋል። ቀናቱ ሲቆጠሩ አካሉ ይፈርሳል። ሳምንት፣ ማለትም ሰው ኑሮውን የሚያደራጅበት የዘወትር መለኪያ፣ በፊልሙ ውስጥ የመፍረስ መለኪያ ይሆናል።

የሥርዓቱ ትርጉም ይበልጥ የሚጎላው በሐሙሱ ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ካሜራው ባዶ ድልድይን ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ያሳያል፤ በምስሉ ላይም በዚያ ሕይወታቸው አለፈ የተባሉ ሰዎች ስም፣ ዕድሜና ሙያ እየተፈራረቀ ይነበባል። ሞቱ ራሱ አይታይም። በዘውጉ ልማድ ሟች ብዙ ጊዜ ስሙ የሚረሳ ገላ ነው፤ እዚህ ግን ገላው ቀርቶ ስሙ ብቻ ይቀራል። በዚህም የሆረር ፊልም ወደ መታሰቢያ ንባብ ይጠጋል።

ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፦ ሥርዓት ሞትን አያሳምረውምን? የሰኞው ሰው እርጋታ ራስን ማጥፋት ሰላማዊ ዕረፍት ሊያስመስለው ይችላል። ፊልሙ ለዚህ አደጋ ምላሽ የሚሰጠው በእሑዱ ክፍል ነው። በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ያለ ወጣት እያለቀሰ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ደብዳቤ የለም፣ ዝግጅት የለም፣ ክብር የለም፤ ስቃይ ብቻ አለ። ሰኞ የተሰጠው የሥርዓት መጽናኛ እሑድ ይነጠቃል። ተመልካቹ የመጀመሪያውን እርጋታ መለስ ብሎ እንዲጠራጠር የሚገደደውም በዚህ ነው።

ይህ ልዩነት የውበት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 131 ጭካኔን የሚያወድሱ ሥራዎችን ይከለክላል፤ የአገሪቱ መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 5 ደግሞ ኪነ ጥበብ ነጻ መሆኑን ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የቡትገራይት «ኔክሮማንቲክ 2» ሙኒክ ውስጥ በፖሊስ ተይዞ ነበር፤ በኋላ ግን በፍርድ ሂደት የኪነ ጥበብ ሥራነቱ ታወቀለት። ጭካኔን በማወደስና ሞትን በጥሞና በመመልከት መካከል ያለው ድንበር በሚታየው ነገር ዝርዝር ብቻ ሊሰመር አይችልም። ምን ያህል ጊዜ ታየ? በምን ቅደም ተከተል? ለሟቹስ ስም ተሰጠውን? «ዴር ቶደስኪንግ» ከሆረር ፊልም ተመራማሪ የሚጠይቀው እነዚህን ጥያቄዎች ነው።