ከሚኒያፖሊስ እስከ ዌስት የሎውስቶን፦ ተሳቢ ላይ የተጫነ አደራ

ባለፈው የካቲት ከአባቴ ጋር ከሚኒያፖሊስ ተነስተን በሞንታና ግዛት ወደምትገኘው ዌስት የሎውስቶን ከተማ ተጓዝን። መንገዱ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፒክአፕ መኪናዬ ክፍት ተሳቢ እየጎተትን ነበር። ተሳቢው ላይ ሁለት ስኖውሞቢሎች ተጭነዋል። ስኖውሞቢል ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከታች ደግሞ እንደ ታንክ የሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ነው።

ስኖውሞቢሎቹ የእኔ አልነበሩም፤ የጎረቤቴ ናቸው። ጎረቤቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። ወገባቸውን ስላመማቸው ዘንድሮ መንዳት አልቻሉም። «ቆመው ከሚከርሙ አንተ ንዳቸው» ብለው ቁልፎቹን ሰጡኝ። ገንዘብ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ እንደወሰድኳቸው እንድመልሳቸው ብቻ ነው።

ይህን በአማርኛ በአንድ ቃል «አደራ» እንለዋለን። አደራ ማለት ሰው አምኖ የሚሰጠን ነገር ወይም ኃላፊነት ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ያንን ነገር ከራሱ ንብረት አብልጦ ይጠብቃል።

የስኖውሞቢሎቹን የድሮ ልብስ ጋራዥ ውስጥ አይጥ በልቶት ስለነበር አዲስ መግዛት ነበረብኝ። መኪና ልብስ እንደሚለብሰው ሁሉ ስኖውሞቢልም በክረምት መንገድ ላይ ልብስ ያስፈልገዋል። መንገዱ እንዳያንሸራትት ጨውና አሸዋ ይበተንበታል። በረዶው ሲቀልጥ የመኪናው ጎማ ጨዋማውን ውሃ ወደ ኋላ ይረጨዋል። ውሃው ይደርቃል፤ ጨው ግን ይቀራል። ብረቱን ያዝጋል፤ አሉሚኒየሙን ይበላል፤ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎች ውስጥም ይገባል። ከፊት የሚመጣ ጠጠር ደግሞ ኮፈኑን ይፍቃል።

ሁለት ዓይነት ልብስ አገኘሁ። አንደኛው ጋራዥ ውስጥ ከአቧራ የሚከላከል ስስ ልብስ ነው። ሁለተኛው ለመንገድ የተሠራ፣ ወፍራምና ልክ ያለው ነው። የመጀመሪያው ዋጋው ግማሽ ስለነበረ እሱን ገዛሁ።

አባቴ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ለብዙ ዓመታት ከባድ መኪና ነድተዋል። ሥራውን የጀመሩት በረዳትነት ነው። ያን ቀን ጠዋት፣ ልንነሳ ስንል፣ ተሳቢውን ዞረው አዩት። ልብሱን በሁለት ጣታቸው ሳብ አደረጉና «ይሄ ሰፊ ነው። ነፋስ ይገባበታል» አሉኝ።

«ግድ የለም አባባ፣ ለስኖውሞቢል የተሠራ ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ።

380 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ፋርጎ ስንደርስ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነበር። ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። የአንደኛው ልብስ ላስቲክ በአንድ በኩል ወልቆ ጨርቁ ይውለበለባል። ከፊት ያለውን ነፋስ የሚከልል ግልጽ ፕላስቲክ አየሁት። መዳፍ የሚያክል ቦታ ጉም የመሰለ ሆኗል። ጨርቁ ከአሸዋና ከጨው ጋር ሆኖ ለሦስት ሰዓት ተኩል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፈትገው ቆይቷል። ምንም ባላለብሰው ይሻል ነበር።

አባቴ «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም። ጓንታቸውን አጠለቁና ልብሱን መፍታት ጀመሩ። «ከአዋሽ ወደ ሚሌ ስንወርድ ነፋሱ እሳት ነው» አሉኝ። «እህሉን በሸራ እንሸፍናለን። ሸራው ከላላ ራሱም ይቀደዳል፣ ጆንያውንም ይቀድዳል። ጭነት የሚጎዳው ያልጠበቀ ሸራ ነው።»

እዚያው ፋርጎ ለመንገድ የተሠሩ ሁለት ልብሶች ገዛን። በሥራቸው የሚያልፍ፣ በመቆለፊያ የሚጠብቅ ቀበቶ አላቸው። ፕላስቲኩን የሚነካው ቦታ ከውስጥ ለስላሳ ገበር አለው። ከማልበሳችን በፊት ስኖውሞቢሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለን አደረቅናቸው። ልብሱ ሥር አሸዋ ከቀረ መቧጨሩ አይቀርምና።

ቀጥሎ ማሰሪያዎቹን አየን። ልብስ ስኖውሞቢልን አያስርም፤ ስለዚህ ስኪዎቹ በብረት፣ የኋላው ክፍል በቀበቶ ከተሳቢው ጋር በደንብ መታሰር አለባቸው። ከዚያ ልብሱን ከፊት ጀምረን ወደ ኋላ ሳብነው፤ ነፋሱ የሚመጣው ከፊት ነው። አባቴ በመሪው ጫፎች ላይ ፎጣ ጠቀለሉ፤ ሹል ነገር ልብሱን ከውስጥ እንዳይበሳው። የቀበቶዎቹን ትርፍ ጫፍ ቋጠሩ። ጠፍጣፋ የሆነውን የኋላውን ቀበቶ ደግሞ አንድ ጊዜ ጠመዘዙት። ጠፍጣፋ ቀበቶ ሳይጠመዘዝ ከተወጠረ በነፋስ ይንቀጠቀጣል፤ እየላላም ይሄዳል።

30 ኪሎ ሜትር ነድተን ቆምንና በእጃችን ዳሰስነው። አንዱ ቀበቶ ትንሽ ላልቶ ስለነበር አጠበቅነው። ከዚያ በኋላ በቆምንበት ሁሉ ተሳቢውን ሳንዞር ቡና አልጠጣንም።

ሰሜን ዳኮታ ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚያቆም ነገር የለም። ጄምስታውን ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 የተሠራውን ስምንት ሜትር የሚጠጋ የኮንክሪት ጎሽ አየን። ከቢስማርክ አለፍ ብሎ፣ ኒው ሳሌም አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ አንዲት ግዙፍ ላም ቆማለች። «ሳሌም ሱ» ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1974 ከፋይበርግላስ የተሠራች ናት፤ ቁመቷ 11 ሜትር ከግማሽ ይሆናል። አባቴ በአንድ እጃቸው ቀበቶውን እያጠበቁ ቀና ብለው አዩዋትና «ይቺ ስንት ሊትር ትታለባለች?» አሉ።

ማታ ሞቴል ገባን። ለጎረቤቴ ስመለስ እነግራቸዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አባቴ ግን «ዛሬ ደውልላቸው» አሉኝ። «መቧጨሩ አንድ ጥፋት ነው። ከደበቅከው ሁለት ይሆናል።»

ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ርካሹን ልብስ መግዛቴንም ጭምር። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ፕላስቲኩ ይለወጣል። ስትደርስ ግን ከሥር እጠባቸው፤ ኩሽኔታዎቹን ጨው እንዳይበላቸው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ልብስ የሚሸፍነው ከላይ ነው፤ ከታች የሚረጨውን ጨው አያቆምም።

በማግስቱ ቢሊንግስንና ቦዝማንን አልፈን፣ የጋላቲንን ወንዝ ተከትለን ማታ ዌስት የሎውስቶን ገባን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ብርድ ከየት መጣ?» አሉ አባቴ። በክረምት እዚያ ስኖውሞቢል በከተማው ጎዳና ላይ እንደ መኪና ይነዳል። ልብሶቹን ስናወልቅ ከውጭ በጨው ነጭተዋል፤ ከውስጥ ንጹሕ ነበሩ። እርጥብ ልብስ መልሶ ማልበስ ዝገት መጥራት ስለሆነ ክፍላችን ውስጥ ሰቅለን አደረቅናቸው። የስኖውሞቢሎቹንም ሥር በሞቀ ውሃ አጠብን።

ከዚያ ወደ አይዳሆ ድንበር በሚወጣው በቱ ቶፕ መንገድ ነዳን። ከላይ ዛፎቹ በበረዶ ተሸፍነው ነጠላ የለበሱ ሰዎች ይመስላሉ። አባቴ በመጀመሪያ ፈሩ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከእኔ ቀድመው ይነዱ ነበር።

ስንመለስ አዲስ ፕላስቲክ ገዝቼ ገጠምኩ። ጎረቤቴ መጥተው ስኖውሞቢሎቹን ዞረው አዩ፤ ጎንበስ ብለውም ከሥር አዩ። ከዚያ የተጠመዘዘውን ቀበቶ በጣታቸው ነካ አድርገው ማን እንዳሰረው ጠየቁኝ። ወደ አባቴ አመለከትኩ። የአባቴ እንግሊዝኛ ብዙ አይደለም፤ ጎረቤቴም አማርኛ አያውቁም። አባቴ ቀበቶውን ፈቱና ቀስ ብለው እንደገና አሰሩላቸው። ከዚያ ጎረቤቴ ራሳቸው ሞከሩት።